መቶ ሺህ የቅሬታ ድምፆች ምን ለወጡ?

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2024 በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ሲካሄድ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደንን የሚያሰጋ ተፎካካሪ አልነበረም፤ ቆጠራው ሲያልቅም ከመቶ 81 የሚሆነውን ድምፅ አግኝተዋል። ጋዜጠኞች ግን የዚያን ምሽት በጉጉት የተከታተሉት ሌላ ቁጥር ነበር። በሚሺጋን የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከእጩዎቹ ስም ሌላ «ለማንም አልወገንኩም» የሚል ምርጫ አለ። እሱ ላይ ምልክት ያደረጉት መራጮች 101,623 ሆነው ተገኙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመቶ 13 መሆኑን ብቻ ላየ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው። የዘመቻው አስተባባሪዎች ግን በይፋ ያስቀመጡት ግብ 10 ሺህ ነበር። ይህንን ግብ የመረጡት በምክንያት ነው፤ በ2016 ዶናልድ ትራምፕ ሂላሪ ክሊንተንን በሚሺጋን ያሸነፉት በ10,704 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። ባራክ ኦባማ ለሁለተኛ ጊዜ በተወዳደሩበት በ2012 ደግሞ ለማንም አልወገንኩም ያሉት ዴሞክራቶች 21 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2024 የታየው እንግዲህ በየምርጫው የሚገኘው የተለመደ ማጉረምረም አልነበረም።

ጥያቄያቸው የኑሮ ውድነት ወይም የግብር ጉዳይ አልነበረም፤ ጋዛ ነበር። ሐማስ ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ባደረሰው ጥቃት በእስራኤል 1,200 ያህል ሰዎች ከተገደሉ በኋላ በተከፈተው ጦርነት፣ በዚያ የፌብሩዋሪ ወር ማብቂያ ላይ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የሟቾችን ቁጥር ወደ 30 ሺህ አድርሶት ነበር። የሚሺጋን መራጮች የጠየቁት ዘላቂ ተኩስ አቁም እንዲደረግና አሜሪካ ለእስራኤል የምትሰጠው የጦር መሣሪያ እንዲቆም ነው። ብዙዎቹ በ2020 ባይደንን የመረጡ፣ ለፓርቲው ቤት ለቤት ዞረው የቀሰቀሱ ሰዎች ነበሩ። የገዛ ፓርቲያቸውን በገዛ ድምፃቸው ተቆጡት።

ይህ ዓይነቱ ቁጣ የአንድን ፓርቲ የውጭ ፖሊሲ ማስቀየር ይችላል?

ብዙ የፖለቲካ አዋቂዎች የውጭ ጉዳይ ድምፅ አያመጣም፣ አያሳጣም ይላሉ። ተራው መራጭ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ የሚያስበው የዳቦ ዋጋን፣ የቤት ኪራይን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ነው ይላሉ። ለአብዛኛው ሰው ይህ እውነት ነው። ጦርነቱ የዘመዱን ቤት ያፈረሰበት መራጭ ግን ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነው። በዲትሮይት አጠገብ ያለችው ዲርቦርን የፎርድ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት፣ ከነዋሪዎቿ የሚበዙት የሊባኖስ፣ የየመን፣ የኢራቅና የፍልስጤም ተወላጆች የሆኑባት ከተማ ናት። ለዲርቦርን ሰው የአሜሪካ የመካከለኛው ምሥራቅ ፖሊሲ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በቅድመ ምርጫው በዚያች ከተማ ባይደን ተሸነፉ፤ ከግማሽ በላይ የሆነው መራጭ ለማንም አልወገንኩም አለ።

ከድምፁ በፊት የሆነው ነገር ራሱ ብዙ ያስተምራል። በጃንዋሪ 2024 የባይደን የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ ጁሊ ቻቬዝ ሮድሪጌዝ ከማኅበረሰቡ መሪዎች ጋር ለመነጋገር ወደ ዲርቦርን ሄደው ነበር። የከተማዋ ከንቲባ አብዱላህ ሐሙድ አላገኛቸውም አሉ። ሰው እየሞተ ስለ ምርጫ አንነጋገርም፤ የምንነጋገረው ፖሊሲውን ከሚያወጡት ጋር ነው የሚል አቋም ያዙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ምክትል የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ጆን ፋይነር ያሉበት ቡድን ከዋሽንግተን ዲርቦርን ገባ። ፋይነር ከጦርነቱ መጀመሪያ አንስቶ አስተዳደሩ ስህተቶች መሥራቱን እዚያ ላገኟቸው ሰዎች አመኑ። አንዲት የምርጫ ወረቀት ገና ሳጥን ሳትገባ፣ ስጋቱ ብቻ የዋይት ሐውስ ባለሥልጣናትን አንቀሳቅሷል።

ከድምፁ በኋላ ደግሞ አነጋገሩ ተለወጠ። ማርች 3 ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ በአላባማዋ ሰልማ ከተማ ባደረጉት ንግግር ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የሚቆይ አፋጣኝ ተኩስ አቁም እንዲደረግ ጠየቁ፤ ከአስተዳደሩ ባለሥልጣናት አፍ እስከዚያ ቀን ከተሰማው ሁሉ ጠንከር ያለ ነበር። ማርች 25 አሜሪካ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የቀረበውን የተኩስ አቁም ውሳኔ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ሳትጥለው፣ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋ አሳለፈችው። በሜይ ባይደን ባለ 2,000 ፓውንድ ቦምቦች ወደ እስራኤል እንዳይላኩ አገዱ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በእነዚያው ወራት የዎርልድ ሴንትራል ኪችን ሰባት የእርዳታ ሠራተኞች በጋዛ ተገድለዋል፣ እስራኤል ወደ ጋዛዋ ራፋህ ከተማ ልትገባ ተዘጋጅታለች፣ ባይደንና የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁም በግልጽ ተቃቅረዋል። የቱ እርምጃ ከዲርቦርን እንደመጣ፣ የቱ ከራፋህ እንደመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም። በሌላ በኩል ባይደን ኤፕሪል 24 ቀን ለዩክሬን፣ ለእስራኤልና ለታይዋን የሚውል የ95 ቢሊዮን ዶላር ሕግ ፈርመዋል፤ በውስጡ ለእስራኤል የሚሆን ብዙ ቢሊዮን ዶላር የጦር እርዳታ ነበረበት። ስለዚህ ቃሉ ብዙ ተለወጠ፣ መሣሪያው ግን አንድ ዓይነት ቦምብ ሲቀር መጓዙን ቀጠለ። መራጮቹ የጠየቁት ደግሞ ቃል አልነበረም።

እንቅስቃሴው ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመተ። ብዙ የሶማሌ ተወላጆች በሚኖሩባት ሚኒሶታ ለማንም አልወገንኩም ያለው መራጭ ከመቶ 19 ሆነ፤ 11 የጉባኤ ልዑካንም አስገኘ። በሃዋይ ከመቶ 29 ደረሰ። ባይደን በ2020 በ20,682 ድምፅ ብልጫ ብቻ ባሸነፉባት ዊስኮንሲን ተመሳሳዩን ምርጫ የመረጡት ከ48 ሺህ በላይ ነበሩ። በእነዚህ ድምፆች የተመረጡ ሠላሳ ያህል ልዑካን በኦገስት ወደ ቺካጎው የፓርቲው ጉባኤ ሄዱ። ያን ጊዜ ባይደን ከውድድሩ ወጥተው ሃሪስ እጩ ሆነዋል። የልዑካኑ የመጨረሻ ጥያቄ በጣም ትንሽ ነበር፤ አንድ ፍልስጤማዊ አሜሪካዊ መድረኩ ላይ ወጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ይናገር። የጆርጂያ ግዛት ምክር ቤት አባል የሆኑትን ሩዋ ሮማንን ጭምር ጠቆሙ። ፓርቲው እምቢ አለ። በሐማስ የታገተው የኸርሽ ጎልድበርግ ፖሊን ወላጆች በዚያው መድረክ ተናግረዋል፤ መናገራቸውም ተገቢ ነበር። የሌላው ወገን ሐዘንተኛ ግን መድረክ አላገኘም። ልዑካኑ ከአዳራሹ ውጭ አስፋልት ዳር ተቀምጠው አደሩ።

ለምን እምቢ ተባሉ? እጩን የሚያስመርጡ ሰዎች የሚሠሩት ሂሳብ ሁለት ዓምድ አለው። በአንዱ ዓምድ የሚገኘው ድምፅ ይጻፋል፣ በሌላው የሚታጣው። ወደ ዲርቦርን አንድ እርምጃ መጠጋት በፔንሲልቫኒያና በሌሎች ግዛቶች እስራኤልን የሚደግፉ መራጮችን፣ ከዚያም በላይ ገንዘብ ሰጪዎችን ሊያስቀይም ይችላል። ሌላም ስሌት ነበር። እነዚህ ሰዎች ተቆጥተው የት ይሄዳሉ? ትራምፕ በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናቸው የአሜሪካን ኤምባሲ ወደ ኢየሩሳሌም ያዛወሩ፣ ከበርካታ ሙስሊም አገሮች የሚመጡ ሰዎችን ያገዱ ናቸው። ሄደው ሄደው ይመለሳሉ ተብሎ ታሰበ።

የተቃውሞ መራጭ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ጥዬህ እሄዳለሁ የሚለው ዛቻ የሚሠራው ሰሚው ሲያምነው ነው። ተፈጽሞ ሲገኝ ደግሞ የመደራደሪያው ቀን አልፏል። የእንቅስቃሴው መሪዎችም ይህንን ያውቁ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ሃሪስን አንደግፍም አሉ፤ ግን በዚያው መግለጫ ትራምፕን እንደሚቃወሙና ለሦስተኛ ፓርቲ ድምፅ መስጠትን እንደማይመክሩ ተናገሩ። በሁለት እሳት መካከል የቆመ ሰው መግለጫ ነበር።

ተራው መራጭ ግን መሪዎቹን አልጠበቀም። በኖቬምበር በዲርቦርን ትራምፕ ከመቶ 42 ገደማ፣ ሃሪስ 36፣ የአረንጓዴው ፓርቲ ጂል ስታይን 18 አገኙ። ከአራት ዓመት በፊት ባይደን በዚያች ከተማ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። ሃሪስ ሚሺጋንን በ80 ሺህ ያህል ድምፅ ተሸነፉ። ይህ ማለት ግን ጋዛ ፕሬዚዳንትነቱን አሳጣቸው ማለት አይደለም። ሃሪስ ዋጋ የሚሰጣቸውን ሰባቱንም ተፎካካሪ ግዛቶች አጥተዋል፤ የሚሺጋን 15 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ ቢጨመርላቸውም ከ226 ወደ 241 ከፍ ይሉ ነበር እንጂ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 270 ላይ አይደርሱም ነበር።

ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በመጀመሪያው ሳምንት ባይደን ያገዷቸውን ባለ 2,000 ፓውንድ ቦምቦች ለቀቁ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ አሜሪካ ጋዛን ትረከባለች፣ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ አገር ይዛወሩ አሉ። «አረብ አሜሪካውያን ለትራምፕ» ይባል የነበረው ቡድን ስሙን ቀይሮ «አረብ አሜሪካውያን ለሰላም» ተባለ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የተጀመረው ተኩስ አቁም በማርች ፈረሰ፤ በኦክቶበር 2025 በትራምፕ ግፊት ሌላ እስኪተካው ድረስ እንደገና ብዙ ሺህ ሰው አለቀ።

ስለዚህ ድምፁ ከንቱ ነበር? የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ በሌላ ቅድመ ምርጫ የሆነውን ላስታወሰ ሰው መልሱ ቶሎ የሚሰጥ አይደለም።

በ1968 መጀመሪያ የቬትናም ጦርነት ግማሽ ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ወታደሮችን አሰልፎ ነበር። በጃንዋሪ መጨረሻ የሰሜን ቬትናምና የደቡብ ሽምቅ ተዋጊዎች የቴት ጥቃት የተባለውን ዘመቻ ሲከፍቱ ጦርነቱ ሊያበቃ ነው የሚለው የመንግሥት ወሬ ተዓማኒነቱን አጣ። ማርች 12 በትንሿ ኒው ሃምፕሸር በተካሄደው ቅድመ ምርጫ ጦርነቱን የሚቃወሙት የሚኒሶታው ሴናተር ዩጂን ማካርቲ ከመቶ 42 ድምፅ አገኙ፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን 49። ጆንሰን አሸንፈዋል። አገሩ ሁሉ ግን እንደተሸነፉ ቆጠረው። ከአራት ቀን በኋላ ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ለእጩነት ተነሡ። ማርች 31 ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው በሰሜን ቬትናም አብዛኛው ክፍል የሚደረገውን ድብደባ ማቆማቸውን ካወጁ በኋላ፣ በንግግሩ መጨረሻ ላይ ዳግመኛ ለፕሬዚዳንትነት እንደማይወዳደሩ ተናገሩ።

የተቃውሞ ድምፅን ኃይል ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም ይባላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ታሪኩ ሁለት ነገሮችን ደብቋል።

አንደኛው፣ ጆንሰንን ያንገዳገዳቸው ድምፁ ብቻ አልነበረም። የጦር አዛዦቹ ተጨማሪ 206 ሺህ ወታደር ጠይቀው ነበር፤ በዓለም ገበያ ዶላር ከወርቅ ጋር የነበረው ዝምድና እየተናጋ ነበር፤ በማርች መጨረሻ ጆንሰን የሰበሰቧቸው አንጋፋ የመንግሥት አማካሪዎችም ከጦርነቱ መውጫ መንገድ እንዲፈለግ መክረዋቸዋል። ድምፁ የመጣው በመንግሥቱ ውስጥ ራሱ ጥርጣሬ በገባበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። በኋላ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመራጮችን አስተያየት ሲመረምሩ፣ በኒው ሃምፕሸር ለማካርቲ ድምፅ ከሰጡት መካከል በጆንሰን ላይ ጦርነቱን አላጠናከሩም ብለው የተቆጡት፣ ለምን አልወጡም ብለው ከተቆጡት ይበልጡ ነበር፤ ሦስት ለሁለት በሆነ መጠን። ሰላም ይሁን የሚለውም፣ ይበልጥ እንዋጋ የሚለውም አንድ ስም ላይ ምልክት አድርገዋል። ጋዜጦቹና የፓርቲው ሰዎች ግን ሁሉንም የሰላም ጥሪ አድርገው አነበቡት። ጩኸቴን ቀሙኝ ማለት የሚገባቸው መራጮች ብዙ ነበሩ።

የሚሺጋኑ ምልክት ይህ ጉድለት አልነበረበትም። አስተባባሪዎቹ ምን እንደሚጠይቁ ሳምንታት አስቀድመው ተናግረዋል፤ ድምፁም ተቆጥሮ ራሱን ችሎ ተመዘገበ። ተቃውሞ ፖሊሲን ለመንካት መጀመሪያ መቆጠር፣ ቀጥሎም አንድ ትርጉም ብቻ መያዝ ያስፈልገዋል።

የ1968 ታሪክ በማርች 31 አላበቃም። በዚያው ዓመት ኦገስት፣ በዚያችው ቺካጎ፣ የፓርቲው ጉባኤ የቬትናምን ድብደባ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማቆም የሚለውን ሐሳብ በ1,567 ድምፅ በ1,041 ላይ ጣለው። በአንድም ቅድመ ምርጫ ያልተወዳደሩት ምክትል ፕሬዚዳንት ሂዩበርት ሃምፍሪ እጩ ሆኑ። ሃምፍሪ ከጆንሰን መስመር በመጠኑም ቢሆን የወጡት ሴፕቴምበር 30 በሶልት ሌክ ሲቲ ባደረጉት ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ ድጋፋቸው ማንሰራራት ጀመረ፤ ግን ቀኑ መሽቶ ነበር። ሪቻርድ ኒክሰን ከመቶ አንድ በማይሞላ ብልጫ አሸነፉ። ጦርነቱ እስከ 1973ቱ የፓሪስ ስምምነት ቀጠለ፤ በኒክሰን ዘመን ብቻ ከ20 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ፣ የሞቱት ቬትናማውያን ከዚህ ብዙ እጥፍ ናቸው።

የዚያ ዓመት መራጮች የለወጡት ጦርነቱን ሳይሆን ፓርቲውን ነው። በጉባኤው ጊዜ በቺካጎ ከተነሣው ብጥብጥ በኋላ ዴሞክራቶች የእጩ አመራረጥ ደንባቸውን ቀየሩ፤ ልዑካን በጓሮ ስምምነት ከመመረጥ ይልቅ በአብዛኛው በቅድመ ምርጫ እንዲገኙ ተደረገ። በ1972 በአዲሱ ደንብ እጩ የሆኑት ጆርጅ ማክገቨርን ከቬትናም ሙሉ በሙሉ እንውጣ የሚሉ ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ የተቃዋሚዎቹ አቋም የፓርቲው አቋም ሆነ። ማክገቨርን በ49 ግዛቶች መሸነፋቸው ሌላ ታሪክ ነው።

በብሪታንያም ለውጡ የመጣው በዚሁ ዝግታ ነው። ቶኒ ብሌር በ2003 አገሪቱን ወደ ኢራቅ ጦርነት ካስገቡ በኋላ በ2005 በተደረገው ምርጫ ሌበር ፓርቲ ቢያሸንፍም የምክር ቤት ብልጫው ከ167 ወንበር ወደ 66 ወረደ። ጦርነቱን የተቃወሙት ሊበራል ዴሞክራቶች 62 ወንበር ያዙ። በምሥራቅ ለንደን ብዙ የባንግላዴሽ ተወላጆች በሚኖሩበት ቤትናል ግሪን ከሌበር የተባረሩት ጆርጅ ጋሎዌይ ጦርነቱን ደግፈው ድምፅ የሰጡትን ኡና ኪንግን በ823 ድምፅ አሸነፉ። ብሌር ፖሊሲያቸውን አልቀየሩም፤ እስከ 2007 በሥልጣን ቆዩ። በ2013 ግን የኮንሰርቫቲቩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሶርያን ለመደብደብ ፈቃድ ሲጠይቁ ሌበር ተቃወመ፤ ሐሳቡም 285 ለ272 ወደቀ። የኢራቅ ቁስል ያልሻረለት ፓርቲ የሰጠው ድምፅ ነበር። ብሌር ያን ጊዜ ከምክር ቤቱ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

በ2024 ደግሞ በሌስተር ሳውዝ፣ በብላክበርን፣ በደውስበሪና ባትሊ፣ በበርሚንግሃም ፔሪ ባር ሌበር በጋዛ ጉዳይ ለተነሡ የግል ተወዳዳሪዎች ወንበር አጣ። የፓርቲውን ታዋቂ ሰው ዌስ ስትሪቲንግን ኢልፎርድ ኖርዝ ላይ ያዳናቸው 528 ድምፅ ብቻ ነው። ሌበር ግን በአገር አቀፍ ደረጃ በከፍተኛ ብልጫ አሸንፎ ነበርና የጠፉት ወንበሮች መንግሥቱን አላናጉትም። ከሁለት ወር በኋላ መንግሥት ለእስራኤል ከሚሰጡት 350 ያህል የመሣሪያ ፈቃዶች 30ውን አገደ፤ በሴፕቴምበር 2025 ለፍልስጤም መንግሥትነት እውቅና ሰጠ።

ሙሉ በሙሉ የተሳካ ምሳሌ ከተፈለገ ያው ብሪታንያ አለች፤ የተሳካላቸው ግን የሰላም ተቃዋሚዎች አይደሉም። ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ የሚለው የናይጀል ፋራጅ ፓርቲ ዩኪፕ በ2015 ምርጫ ከመቶ 12.6 ድምፅ አግኝቶ በምክር ቤቱ አንዲት ወንበር ብቻ ነበረው። ሆኖም ካሜሮንን ሕዝበ ውሳኔ ለማድረግ ቃል እንዲገቡ ያስገደዳቸው የእሱ ጥላ ነው። በ2019 የአውሮፓ ምክር ቤት ምርጫ የፋራጅ አዲስ ፓርቲ ከመቶ 30 በላይ ሲያገኝ ኮንሰርቫቲቮች 9 እንኳ አልሞላቸውም፤ ከዚያ በኋላ ቴሬዛ ሜይን የተኩት ቦሪስ ጆንሰን ከኅብረቱ በቁርጥ ለመውጣት ቃል የገቡ ናቸው። እነዚህ መራጮች ሚሺጋኖቹ የሌላቸው ሁለት ነገር ነበራቸው። ጥለው ሲሄዱ የሚገቡበት ቅርብ ቤት ተዘጋጅቷል፤ በኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ውስጥም ያንኑ ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ሲገፉ የኖሩ የምክር ቤት አባላት በሩን ከውስጥ ይከፍቱላቸው ነበር።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ ያለው ቨርጂኒያ ነው። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ የባይደን አስተዳደር በሴፕቴምበር የማዕቀብ ትእዛዝ አወጣ፤ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል እንደሚያስወጣም አስጠነቀቀ። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በዚህ የተቆጡት፣ ለዓመታት የዴሞክራቶች ደጋፊ የነበሩ ሳይቀሩ፣ ለገዥነት ለሚወዳደሩት ሪፐብሊካን ግሌን ያንግኪን ድምፅ እንዲሰጥ ቀሰቀሱ። ሁሉም ኢትዮጵያዊ ግን በአንድ ወገን አልነበረም፤ የትግራይ ተወላጆች በዚያው ዋሽንግተን አደባባይ ወጥተው የአሜሪካ ጫና እንዲጠነክር ይጠይቁ ነበር። ያንግኪን ኖቬምበር 2 ቀን 2021 በ64 ሺህ ያህል ድምፅ አሸነፉ። በዚያው ቀን ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ለኮንግረስ አሳወቁ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ውሳኔው ተፈጸመ፤ በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚሠሩ ወጣት ሴቶች እንጀራም አብሮ ተነካ።

የቨርጂኒያው ድምፅ ለምን አልተሰማም? አንደኛ፣ የግዛት ገዥ ስለ አጎዋም ሆነ ስለ ማዕቀብ የሚወስነው ነገር የለም፤ ቁጣው የተላከው በሌላ ሰው አድራሻ ነው። ሁለተኛ፣ አልተቆጠረም። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የኢትዮጵያን ቅሬታ የሚለይ ምልክት አልነበረም። ዴሞክራቶች ለምን ተሸነፍን ብለው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ የትምህርት ቤቶች ጉዳይና እጩው ቴሪ ማኮሊፍ በክርክር ላይ ስለ ወላጆች የተናገሩት ነበር። ለያንግኪን ድምፁን የሰጠው የአሌክሳንድሪያ ታክሲ ነጂ በልቡ ስለ አገሩ ቢጮኽም የተነበበለት ስለ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ከዚያ ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። በኮሎራዶዋ ኦሮራ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። የአካባቢው የኮንግረስ ተወካይ ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን በየምርጫው በስጋት የሚወዳደሩ ነበሩና ለእነዚህ መራጮች ጆሮ ሰጡ። ስለ ኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ይዞታ የወጣውን የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 ከሌላው የምክር ቤቱ አባል ከክሪስ ስሚዝ ጋር ሆነው ገፉት፤ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ውሳኔው የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ሆኖም በአንድ ምርጫ ክልል ውስጥ የተሰበሰቡ፣ ቀጠሮ ይዘው የሚመጡ፣ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ የሚያቀርቡና ወንበሩ ላልረጋ ሰው የሚነግሩ መራጮች በብዙ ግዛት ከተበተነ ቁጣ ይልቅ እንደሚደመጡ አሳይቷል።

አሁን ወደ ዴሞክራቶቹ እንመለስ። በኖቬምበር 2024፣ ምርጫው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ለእስራኤል የሚሸጡ መሣሪያዎች እንዲታገዱ ሐሳብ ሲያቀርቡ የደገፏቸው ከ20 ያነሱ ነበሩ። በጁላይ 30 ቀን 2025 ተመሳሳይ ሐሳብ ሲያቀርቡ ከፓርቲው ወገን ከሚቀመጡት 47 ሴናተሮች 27ቱ የጠብመንጃ ሽያጩ ይታገድ ብለው ድምፅ ሰጡ። ሐሳቡ ወደቀ፤ የፓርቲው አብዛኛ ሴናተር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ወገን ተሰልፏል። በጋዛ የተራቡ ሕፃናት ፎቶግራፍ በየቀኑ ይወጣ የነበረበት ወቅት ነበርና የለውጡን ምክንያት ሁሉ ለሚሺጋን መስጠት አይቻልም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሴናተር በቀጣዩ ቅድመ ምርጫ በየትኛው ወገን የተቆጣ መራጭ እንደሚጠብቀው ማስላት አለበት፤ ከሚሺጋን በፊት በዚህ ጉዳይ የሚሰላ ነገር እንኳ አልነበረም።

በዚያው ኦገስት የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ሚኒያፖሊስ ላይ ሲሰበሰብ ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ቀረቡ። አንዱ ለእስራኤል መሣሪያ መስጠት ይቁም የሚል ሲሆን በኮሚቴው ድምፅ ወደቀ። ሌላው በሊቀ መንበሩ በኬን ማርቲን የቀረበ ለዘብ ያለ ሐሳብ ነበር፤ ጸደቀ። ማርቲን ግን ያሸነፈውን የራሳቸውን ሐሳብ ወዲያው መልሰው ወሰዱት፤ በፓርቲው ውስጥ ያለው ልዩነት በይደር ተይዞ አንድ ቡድን ተቋቁሞ ይነጋገርበት አሉ። ከአንድ ዓመት በፊት በቺካጎ ለአንድ ተናጋሪ ጥቂት ደቂቃ የነፈገው ፓርቲ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ምን አቋም እንደሚይዝ ራሱ ሊስማማ አልቻለም።